ባሕር ዳር ላይ «ኦሪጅናል» እየተባለ የሚሸጠውን የስታር ትሬክ መጽሐፍ ሳታገላብጡ እንዳትከፍሉ

ባሕር ዳር ያላችሁ የስታር ትሬክ፣ ማለትም በጠፈር መርከብ ስለሚጓዙ ሰዎች የሚተርከው የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ወዳጆች፣ ይህን ገንዘባችሁ ከእጃችሁ ሳይወጣ እንድታነቡት ፈልጌ ነው የጻፍኩት። እኛ አምስት ጓደኛሞች ተበልተናል። ሻጩ አሁንም እየሸጠ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ሌላ ልጅ «አምጥቼልሃለሁ» ተብሎ ቀብድ ሊልክ ሲል ነው የደረስንበት።

እኛ ያዋጣነው የስታር ትሬክ ኢንሳይክሎፒዲያን ለመግዛት ነበር። ማይክልና ዴኒስ ኦኩዳ ያዘጋጁት ይህ በሥዕልና በፎቶ የተሞላ መጽሐፍ መጀመሪያ የወጣው በ1994 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ተስፋፍቶ በሁለት ቅጽ የታተመው ደግሞ በ2016 ነው። ሻጩ በስልኩ ያሳየን የ2016ቱን ሽፋን ነበር። ዋጋው 6,500 ብር፣ ለእያንዳንዳችን 1,300 ደረሰን። ግማሹን አስቀድመን በቴሌብር ላክን፣ ቀሪውን ስንረከብ ከፈልን። መጽሐፉ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር። «እናቴ ትሙት ኦሪጅናል ነው፤ ላስቲኩን ከቀደዳችሁት ግን አልመልስም» አለን። ሁለተኛውን ቅጽ «በሳምንቱ ይደርሳል» አለ። አምነነው ወጣን። የተሳሳትነው እዚያች በር ላይ ነው።

የከፈትነው ጣና ዳር ቡና ይዘን ቁጭ ብለን ነው። ታናሽ እህቴ ከማንም ቀድማ የፈለገችው ከፊልሙ ገጸ ባሕርያት አንዷ የሆነችውን ኡሁራን ነበር። ስሟ «ኡሁሩ» ከሚለው የስዋሂሊ ቃል እንደመጣ፣ ትርጉሙም ነጻነት እንደሆነ ከሰማች ወዲህ እንደ ዘመድ ነው የምታያት። በ1966 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ጥቁር ሴት የጠፈር መርከብ መኮንን ሆና መታየቷ ቀላል ነገር አልነበረም። ገጹ ተገኘ፤ ፎቶው ላይ ግን ፊት የለም። መጽሐፉ ለካ የጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ነው። የኮፒው ቀለም ዓይኗንም አፍንጫዋንም ከጸጉሯ ጋር አንድ ላይ ደፍኖት፣ ጆሮዋ ላይ ያለችው የመገናኛ መሣሪያ ብቻ ታበራለች። በዚያው ገጽ ያሉት የነጮቹ ተዋንያን ፊት ደህና ይለያል። እህቴ መጽሐፉን ዘግታ ሰጠችኝ፣ ምንም አላለችም። ከብሩ ይልቅ እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ከመካከላችን አንዱ «ኮፒ ቢሆንስ? ፖሊ ቴክኒክ እያለን ስንቱን መጽሐፍ በኮፒ አይደል እንዴ የተማርነው?» አለ። እውነቱን ነው፣ ተምረናል። ግን የሒሳብ ቀመር በጥቁርና ነጭም ያው ቀመር ነው። እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ውስጥ ግን ቀለሙ ራሱ መረጃ ነው። በመጀመሪያው ተከታታይ ፊልም አዛዦቹ ወርቅማ፣ የሳይንስ ክፍሉ ሰማያዊ፣ መሐንዲሶቹና ጥበቃዎቹ ቀይ ይለብሳሉ። በ1987 በጀመረው ተከታታይ ደግሞ ተገላብጦ አዛዦቹ ቀይ፣ መሐንዲሶቹ ወርቅማ ሆኑ። በእኛ መጽሐፍ ሁሉም አመድማ ነው። ማን የየትኛው ክፍል እንደሆነ መለየት አይቻልም፣ የመርከቦቹ ንድፍ ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮችም ተውጠዋል። ደግሞም ኮፒ ነው ብሎ በኮፒ ዋጋ ቢሸጥልን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ሌላም አለ። ሽፋኑ የ2016 ይሁን እንጂ ውስጡ የ1990ዎቹ እትም ነው። ያወቅነው «ኤ» ፊደል ስር ካፒቴን አርቸርን ፈልገን ስናጣው ነው። አርቸር ያለበት ተከታታይ ከ2001 እስከ 2005 የታየ ስለሆነ አሮጌው እትም ውስጥ ሊኖር አይችልም። እናንተም ስትገዙ መጀመሪያ ይህን ስም ፈልጉ፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ የአሳታሚው መረጃ ያለበትን የፊት ገጽ ግለጡና የመጽሐፉን መለያ ቁጥር፣ አይኤስቢኤን የሚባለውን፣ ቁጠሩ። ከ2007 መጀመሪያ ወዲህ ቁጥሩ 13 አሃዝ ነው፤ ከዚያ በፊት 10 ነበር። የኛው ጀርባው ላይ በ978 የሚጀምር 13 አሃዝ አለው፣ ውስጡ ግን 10 ብቻ። ሽፋንና ሆድ ካልተስማሙ መጽሐፉን መልሳችሁ አስቀምጡት። ፎቶዎቹንም በአጉሊ መነጽር ወይም በስልክ ካሜራ አቅርባችሁ እዩ። በኦፍሴት፣ ማለትም በማተሚያ ቤት ማሽን የታተመ ፎቶ ሲጎላ ጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች በሥርዓት ተሰድረው ይታያሉ። ከታተመ ገጽ ላይ በስካነር የተነሳ ከሆነ ግን ነጥብ በነጥብ ላይ እየተደረበ የውኃ ሞገድ የመሰለ መስመር ይሠራል፣ የፊደሎቹም ጠርዝ ይደበዝዛል። በሙጫ ብቻ ስለተጠረዘ ግን አትጣሉት፤ ኦሪጅናል ሆኖም በሙጫ የሚጠረዝ ብዙ ነው።

ስለ መመለሱ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። «በሳምንቱ ይደርሳል» የተባለው ሁለተኛ ቅጽ ምን እንደነበር የገባኝ ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው። በደወልን ቁጥር «ጎንደር ደርሷል»፣ «ነገ ጠዋት»፣ «ሹፌሩ ታሞ» እያለ 15ቱን ቀን አሳለፈብን። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ሱቁ ስንሄድ «ጊዜው አልፏል፣ ደረሰኝ አላችሁ?» ብሎ የጠየቀን እሱ ራሱ ነው። የሰጠን ደረሰኝ የግብር ከፋይ ቁጥር የሌለው፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ነው። የቀረ ነገር ይመጣል ከተባላችሁ የቀረውን አትጠብቁ፤ የያዛችሁትን በዚያው ቀን ፈትሹ፣ ቅሬታችሁንም በጽሑፍ መልእክት ላኩ፣ ቀኑ ይመዘገባልና።

መጽሐፉ እኔ ጋ አለ። ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ጻፉልኝና ይዤላችሁ እመጣለሁ፣ ከቀረበላችሁ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ አስተያዩት። የኡሁራን ገጽ እህቴ በወረቀት ሸፍናዋለች፣ እሱን እንዳለ ተዉት።