የ‹ቪአይፒ ሰርግ ፓኬጅ› ውል ከመፈረማችሁ በፊት

በሁዳዴ ሰርግ የለም። ውል የሚፈረመው ግን ያኔ ነው። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የሚያገቡ ልጆች በዚያ ሰሞን ከአንዱ ዲኮር ቤት ወደ ሌላው እየዞሩ ቀብድ ይከፍላሉ። ስለዚህ ጥር 2017 ላይ በታናሽ ወንድሜ ሰርግ የደረሰብንን ሳይረፍድ ልንገራችሁ።

ኬኩን፣ አበባውን፣ ሊሞዚኑንና የድሮን ቀረጻውን ከአንድ ድርጅት በአንድ ላይ፣ በ«ፓኬጅ» ነው የገዛነው። በኬኩ ልጀምር።

ውሉ ላይ «ባለ 7 ደረጃ ሮያል ኬክ» ይላል። መብራት ሲበራበት በእውነት ያምር ነበር። ከሙሽራዋ ቁመት ይበልጣል። ሙዚቃው ዝቅ አለ፣ እንግዳው ስልኩን አወጣ፣ ሙሽሮቹ ቢላዋውን አብረው ይዘው ሦስተኛው ደረጃ ላይ አሳረፉት። አልገባም። ወንድሜ ጫን ሲል ክርርር የሚል ድምፅ ወጣ። አዲስ ቴሌቪዥን ከካርቶኑ ሲወጣ የሚሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ፤ እሱው ነው። አንዱ ሠራተኛ በሩጫ መጣና እጃቸውን ይዞ ወደ ታች፣ ከኋላ በኩል ወዳለች ጠባብ ቦታ ወሰደው። ኬክ የነበረው እዚያች ጋ ብቻ ነው። ሌላው በሙሉ ክሬም የተቀባ ፎም ነው። የእህቴ ልጅ፣ የ5 ዓመት ሕፃን፣ ክሬሙን በጣቱ ፍቆ ፍቆ ነጩ ሲወጣለት «እማዬ፣ ኬኩ አጥንት አለው!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ለእንግዳ የሚታደለው ኬክ ከጓዳ በትሪ መጣ። ለ350 ሰው የተከፈለበት ኬክ 12ኛው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ አለቀ። እናቴ ከኋላ የተቀመጡትን የእድር ሰዎች እየዞረች ይቅርታ ስትለምን አመሸች።

ፎም መጠቀም በራሱ ማታለል አይደለም። ኬክ ቤቶች ለቁመት ብለው ይሠሩበታል፣ ነግረዋችሁ ከሆነ ዋጋውም ይቀንሳል። ማታለል የሚሆነው ሳይነግሯችሁ ፎሙን በኬክ ዋጋ ሲሸጡላችሁ ነው። እኛ ደግሞ ዋጋውን የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም፤ የገዛነው ፓኬጅ ነውና። ኬኩ ስንት፣ አበባው ስንት፣ ሊሞዚኑ ስንት የሚል መስመር ውሉ ላይ የለም። 650 ሺህ ብር፣ በቃ። አዳራሽና ምግብ ሳይጨምር።

እዚህ ላይ ነው ቆም እንድትሉ የምፈልገው። «ሮያል»፣ «ፕሪሚየም»፣ «ቪአይፒ» የሚሉት ቃላት አይቆጠሩም፣ አይመዘኑም። ነገ ተጣልታችሁ ሽማግሌም ሆነ ዳኛ ፊት ብትቀርቡ «ፕሪሚየም አልነበረም» ብላችሁ ምን ታሳያላችሁ? «500 ቀይ ጽጌረዳ፣ ያልደረቀ፣ የተቆረጠ አበባ» ቢል ኖሮ ግን ቆጥራችሁ ታሳያላችሁ።

አበባችን ደግሞ ይኸው ነበር። ውሉ «ፕሪሚየም አበባ» ይላል። እናቴ ከሙሽሮቹ ወንበር ጀርባ ያለውን ጽጌረዳ ልታሸት ጠጋ ብላ አፍንጫዋ ላይ አቧራ ይዛ ተመለሰች። ፕላስቲክ ነው። ስንት ሰርግ ላይ እንደዋለ እግዜር ይወቀው። ኢትዮጵያ እኮ በአበባ ኤክስፖርት ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ የምትጠቀስ አገር ናት። የሆለታና የዝዋይ ጽጌረዳ በአውሮፕላን ተጭኖ ኔዘርላንድ ይገባል። እኛ እዚሁ አጠገቡ ቁጭ ብለን ከውጭ የመጣ ፕላስቲክ ለአንድ ቀን ተከራየን፣ ያውም በቅንጦት ስም። በማግስቱ አንድ አበባ ሻጭ ጋ ሄጄ ዋጋ ጠየቅኩ። በከፈልነው ገንዘብ ለአዳራሹ የሚበቃ እውነተኛ ጽጌረዳ መግዛት እንችል እንደነበር ሳውቅ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሊሞዚኑ ሁለት ሰዓት አርፍዶ መጣ፤ የ«ትርፍ ሰዓት» ክፍያ የጠየቀው ግን እሱው ነው። የድሮን ቀረጻ ተብሎ ተጽፎ ነበር። በከተማችን ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሳም፤ እነሱ ፈቃድ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ አልተነሳም። ገንዘቡ ግን አልተቀነሰም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ፓኬጁን የሸጠልን ልጅ በጣም ትሑት ነው። «እህቴ፣ ቫት 15 በመቶ አለው፣ ለምን ትከስራላችሁ? ያለ ደረሰኝ ከሆነ ይቀርላችኋል» አለኝ። 97,500 ብር ማለት ነው። ወንድሜ ደስ አለው። ግማሹን፣ 325 ሺህ ብር፣ በሞባይል ባንኪንግ ወደ አንድ ሰው የግል ሒሳብ ላከ። ያን ዕለት ማስረጃችንን በገዛ እጃችን ጣልን። ኋላ ልንከስ ስንል ድርጅቱ «እኔ ከእናንተ ገንዘብ አልተቀበልኩም» ማለት የሚችልበት ቦታ ላይ ቆሞ አገኘነው። ያ ገንዘብ የወንድሜ ዕቁብ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ያለችው አክስታችን ሌሊት ሌሊት ሠርታ የላከችውም አለበት።

ሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሻጩ ደወለ። «ዶላር ጨምሯል፣ 80 ሺህ ብር ጨምሩ።» ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር የተወሰነው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። እኛ የተዋዋልነው ኅዳር ላይ ነው። የምንዛሪው ለውጥ ውሉ ሲፈረም የታወቀ ነገር ነበር። ይህን ስነግረው «እንግዲያው ሌላ ፈልጉ፣ ቀብዱ አይመለስም» አለ። ጥሪው ተበትኗል፣ ሽማግሌው ተነግሯል፣ ማን ይፈልጋል? ከፈልን።

ያኔ ያላወቅኩትንና ዛሬ የማውቀውን ልንገራችሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 ስለ ቀብድ ይናገራል። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ሰምታችኋል? እጥፍ! እኛ ሁላችን የምናውቀው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ሻጮቹ የሚነግሩን እሱን ነው። «ሌላ ስምምነት ከሌለ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ውላችን ሥር በትንንሽ ፊደል «የተከፈለ ገንዘብ በምንም ምክንያት አይመለስም» የሚል አለ። እንዲህ ያለ መስመር ካያችሁ አሰርዙት። እምቢ ካሉ «ድርጅቱ ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን እጥፍ ይመልሳል» የሚል ከጎኑ አስጽፉ። ይህንንም እምቢ ካሉ ወንበሩን ገፍታችሁ ውጡ። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ስለምንገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል። «ኬኩ ውስጡ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፣ መብት ነው።

ለምን እዚህ ውስጥ ገባን? ቲክቶክ ላይ ያየነው ሰርግ ሁሉ ባለ ሊሞዚን ስለሆነ። ዘመድ «የእገሌ ልጅ እንዲህ ተዳረች» ስለሚል። ሙሽራዋ እንኳን ይህን ሁሉ አልጠየቀችም። ሰው እስከ ዛሬ የሚያነሳልን መልሱን ነው። በእሷ እናት ግቢ ድንኳን ተጥሎ፣ ጎረቤት ዶሮውን ሠርቶ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ተጨፈረ። የዚያን ቀን ኬክ ከሰፈር ኬክ ቤት የመጣ ባለ አንድ ደረጃ ነው፤ ሁሉም ደርሶታል።

ቅንጦት አትግዙ አልልም። ቀኑ የእናንተ ነው፣ ካማራችሁ ሊሞዚንም ተከራዩ። ግን እያንዳንዱን ዕቃ በቁጥርና በዋጋ ለይታችሁ አስጽፉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ገንዘቡን በድርጅቱ ስም ወዳለው ሒሳብ ብቻ አስገቡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀሪው ክፍያ በሙሽራው እጅ አይሁን። የኛን ወንድሜ በዋዜማው ማታ ከፈለው፤ «ካልከፈልክ ዲኮሩ አይተከልም» ብለውት። ሱፉን ሊያስተኩስ የሚሮጥ ልጅ ምን ብሎ ይከራከራል? ገንዘቡን ለአንድ ቆፍጣና አጎት ስጡት። ክፍያው በሰርጉ ቀን፣ ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላ እንደሚፈጸም ውሉ ላይ ይጻፍ። እሱ በጠዋት አዳራሽ ይሂድ፣ ውሉን ይዞ አበባውን ይቁጠር፣ ኬኩ ሲመጣ የትኛው ደረጃ እንደሚበላ ይጠይቅ፣ ከዚያ ይክፈል።