በግቢ ውስጥ ክፍል ለመጨመር፦ የቀን ሠራተኛ፣ የእጅ ዋጋ ወይስ ሙሉ ኮንትራት?

በአዲስ አበባ በነባር ቤቱ ላይ ሁለት ክፍል መቀጠል የፈለገ ሰው ግንበኞችን በሦስት መንገድ ሊያሠራ ይችላል። አንደኛው በቀን ሒሳብ እየከፈሉ ግንበኛና ረዳት መቅጠር ነው፤ ሁለተኛው ሲሚንቶውን፣ ብረቱን፣ አሸዋውንና ጠጠሩን ባለቤቱ ራሱ ገዝቶ ሥራውን ብቻ በእጅ ዋጋ መስጠት ነው፤ ሦስተኛው ዕቃውንም ሥራውንም ለአንድ ተቋራጭ ሰጥቶ ያለቀ ክፍል መረከብ፣ ማለትም ሙሉ ኮንትራት ነው። ብዙ ሰው የሚያወዳድረው የተጠየቀውን ዋጋ ብቻ ነው። እኔ ግን ከዋጋው አስቀድሞ ሌላ ጥያቄ መመለስ አለበት እላለሁ፦ ሥራው በሚካሄድባቸው ወራት፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ግቢው ውስጥ ቆሞ የሚያየው ማን ነው?

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ የማይቀሩ ሁለት ጉዳዮች አሉ። የመጀመሪያው የግንባታ ፈቃድ ነው። ነባር ቤትን ማስፋትም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ ሳይወጣ የተጀመረ ሥራ ሊታገድ፣ የተሠራውም ሊፈርስ ይችላል፤ አብሮ የሚፈርሰው ደግሞ የግንበኛው ሳይሆን የባለቤቱ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው የመሬቱ ጠባይ ነው። በከተማዋ ብዙ ሠፈሮች፣ በተለይም በቦሌ በኩል፣ ክረምት ውሃ ጠጥቶ የሚያብጥና በበጋ ደርቆ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር አለ። ነባሩ ቤት ለዓመታት ከመሬቱ ጋር ረግቷል፤ አዲሱ ክፍል ግን ገና መርጋቱ ስለሆነ ሁለቱ እኩል አይወርዱም። አዲሱ ግድግዳ ከአሮጌው ጋር አንድ ላይ ከታሰረ ስንጥቁ የሚወጣው በመገጣጠሚያው ላይ ነው። ስለዚህ መሠረቱ እስከ ጠንካራው አፈር እንዲቆፈር፣ በአሮጌውና በአዲሱ ግድግዳ መካከልም ክፍተት እንዲተው አስቀድሞ በፕላኑ ላይ መስፈር አለበት። ነባሩ ቤት የጭቃ ከሆነማ የአዲሱን ጣሪያ በእርሱ ግድግዳ ላይ ማሳረፍ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም።

በቀን ሒሳብ ማሠራት ለትንሽ ሥራ ጥሩ ነው። ሠራተኛው የሚከፈለው ለዋለበት ቀን ስለሆነ የሚያስቸኩለው ነገር የለም፤ ይህም አሮጌ ልስን ከአዲስ ጋር ለማመሳሰል፣ በር ለማስፋት ወይም ሊሾ ለመጠገን ይጠቅማል። ከመሠረት እስከ ጣሪያ ለሚደርስ ሥራ ግን አልመክረውም። የተበላሸው ሲታደስ ቀኑን እንደገና የሚከፍለው ባለቤቱ ነው፤ ከጣሪያ ላይ ወድቆ የተጎዳ ሠራተኛ ቢኖርም ቀጣሪው ባለቤቱ ስለሆነ ጥያቄው ወደ እርሱ ይመጣል።

ሰፊ ንጽጽር የሚገባው በእጅ ዋጋና በሙሉ ኮንትራት መካከል ነው። በእጅ ዋጋ የሚያሠራ ሰው ትልቁ ጥቅሙ በቤቱ ውስጥ የገባውን ዕቃ ማወቁ ነው፤ በምላሹ ግን ገዢም፣ ዕቃ ጠባቂም፣ ተቆጣጣሪም ራሱ ይሆናል። መግዛቱ ራሱ ዕውቀት ይጠይቃል። ለምሳሌ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ ማለትም በአርማታ ውስጥ የሚገባ ብረት፣ ወደ 10.6 ኪሎ ግራም ገደማ ሊመዝን ይገባል፤ ባለ 10ሩ ደግሞ ወደ 7.4 ኪሎ ግራም። አንዱን ቤርጋ (ሙሉውን ዘንግ) ሚዛን ላይ አስቀምጦ ክብደቱ በጣም ካነሰ፣ የተሸጠው ከስሙ የቀጠነ ብረት ነው። ለአሸዋ ደግሞ ጥቂቱን በጠርሙስ ውሃ ውስጥ በጥብጦ ማሳደር ይበቃል፤ ጠዋት ላይ ከአሸዋው በላይ ወፍራም የጭቃ ንጣፍ ከተቀመጠ ያ አሸዋ ሳይታጠብ ለአርማታ አይሆንም። 40 በ20 የሆነ ብሎኬት ለአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 12 ወይም 13 ይፈጃል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው የበርና የመስኮቱን ስፋት ቀንሶ፣ ለስባሪ ጥቂት ጨምሮ፣ ምን ያህል እንደሚያዝ ራሱ ያሰላል።

የእጅ ዋጋ ድክመት ግንበኛው ለዕቃው የማይቆረቆር መሆኑ ነው። ብረት ሲቆረጥ ቁራጩ ቢበዛ፣ የተቦካ ሲሚንቶ ምሳ ሰዓት ላይ ደርቆ ቢጣል ከኪሱ የሚወጣ ነገር የለም። የሚጠቀመው ቶሎ በመጨረሱ ነው፤ ችኮላ ደግሞ አርማታን ይጎዳል። ለኮለን (ለቋሚው ምሰሶ) እና ለቢም (ለአግዳሚው ተሸካሚ) በተለመደው 1 ለ2 ለ3 ድብልቅ፣ ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ግራም ከረጢት ሲሚንቶ ሁለት ሳጥን አሸዋና ሦስት ሳጥን ጠጠር ይገባል፤ ሳጥኑም 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ከከረጢቱ ይዘት ጋር ይመጣጠናል። በሳጥን ፋንታ በአካፋ እየተቆጠረ የሚቦካ አርማታ ባየሁ ቁጥር ሥራውን ማስቆም ይቃጣኛል፤ ባለቤቱም ማስቆም አለበት።

ከሁሉ ይልቅ በቸልታ የሚታለፈው ውሃ ማጠጣት ነው። እኛ ቤት ወጥ ቤትና አንድ መኝታ ክፍል ስናስጨምር ይህ የማን ሥራ እንደሆነ በውሉ ላይ አልጻፍንም ነበር፤ ግንበኛው የእኛ መስሎት፣ እኛም የእርሱ መስሎን፣ የኮለኑ አርማታ ሁለት ቀን ሙሉ ሳይጠጣ በበጋ ፀሐይ ዋለ። አርማታ ቢያንስ ለ7 ቀናት እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፤ የሚለካበትን ጥንካሬ የሚያገኘውም በ28 ቀን ነው። ስለዚህ የእጅ ዋጋ ውል የካሬ ሜትሩን ሒሳብ ብቻ ይዞ መቅረት የለበትም። ውሃ የሚያጠጣው፣ የአርማታ ማፍሰሻ ጣውላና አጠና የሚያቀርበው፣ ሚክሰርና ቫይብሬተር (አርማታውን እያንቀጠቀጠ የሚያጠቀጥቅ መሣሪያ) የሚከራየው፣ የተቆፈረውን አፈር የሚያስወጣው ማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። አንዱ ግንበኛ ከሌላው ርካሽ መስሎ የሚታየው ብዙ ጊዜ እነዚህን ስላልቆጠረ ነው።

ሙሉ ኮንትራት በወረቀት ላይ ከፍ ያለ ዋጋ አለው፤ የተቋራጩ ትርፍና የአስተዳደር ወጪ ገብቶበታልና። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ከሆነም 15 በመቶ ይታከላል፤ ሁለት ዋጋ ሲወዳደር ታክሱ በሁለቱም ውስጥ መኖሩ ወይም አለመኖሩ መጠየቅ አለበት። በምላሹ ባለቤቱ የሚያነጋግረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዕቃ ዘገየ፣ ፌሮ ሠራተኛው ቀረ የሚል ምክንያት አይሰማም። ከዚህም በላይ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ተቋራጩ ለሥራው በሚገባ መሠራትና ለሕንፃው ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያዝዛል፤ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር የውል ቃልም ዋጋ የለውም። ጉዳት ከመሬቱ ጠባይ የተነሣ ቢሆን እንኳ ተቋራጩ ተጠያቂ ነው፤ ለጥቁር አፈር ሠፈር ይህ ታላቅ ዋስትና ነው። በየቀኑ ለሚቀያየሩ የቀን ሠራተኞች ግን እንዲህ ያለውን ዋስትና ማን ላይ ማንሣት ይቻላል?

የሙሉ ኮንትራት አደጋ የዋጋ መለዋወጥ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከዶላር አንጻር ብዙ ወርዷል፤ ከዚያ በፊት በቁርጥ ዋጋ ተፈራርሞ ከውጭ የሚመጣ ሴራሚክ፣ አሉሚኒየምና የኤሌክትሪክ ዕቃ ያልገዛ ተቋራጭ ምን ዓይነት ጭንቅ ውስጥ እንደገባ መገመት አያዳግትም። የተጨነቀ ተቋራጭ ሥራውን ይተዋል፤ ካልተወውም በማይታየው ቦታ፣ በብረቱ ብዛትና በሲሚንቶው መጠን፣ ይቆጥባል። ስለዚህ «ጥራት ያለው ዕቃ» የሚል ውል ከመፈረም ይልቅ የፌሮው ውፍረትና ብዛት፣ የድብልቁ መጠን፣ የቆርቆሮው ውፍረት በቁጥር የተጻፈበትን መያዝ ይሻላል። ሥራውንም ለሁለት ከፍሎ፣ እስከ ጣሪያ ያለውን በአንድ ውል፣ የማጠናቀቂያውን ሥራ በሌላ ውል መስጠት ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ባለቤቱ ወይም የሚያምነው ሰው በየቀኑ ግቢው ውስጥ መዋል ከቻለ እጅ ዋጋ ይሻለዋል፤ ነገር ግን መሐንዲስ ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ የመሠረቱ ጉድጓድ ሳይሞላ፣ የኮለንና የቢም ብረት ሳይሸፈን፣ ጣሪያው ሲሰቀል፣ እየመጣ እንዲያይ ይክፈል። በመሥሪያ ቤት የሚውል፣ ወይም በአሜሪካ ወይም በዐረብ አገር ሆኖ ለወላጆቹ ክፍል የሚያሠራ ሰው ሙሉ ኮንትራት ይያዝ። ዘመድን በውክልና አቁሞ በእጅ ዋጋ ማሠራት ርካሽ ይመስላል፤ ዘመዱ ግን ግንባታ የማያውቅ ከሆነ ገንዘቡም ዝምድናውም ይጎዳል። ከሩቅ ያለ ባለቤት አርማታ ከመፍሰሱ በፊት ብረቱ ላይ ሜትር ተዘርግቶ የተነሣ ፎቶ ሳይደርሰው የዚያን ደረጃ ክፍያ አይላክ።

ክፍያው በሁለቱም መንገድ በሥራው ደረጃ ይከፋፈል፤ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነውም በመያዣ ይቀመጥ። ከመስቀል በኋላ የተጀመረ ሥራ ከክረምት በፊት ሊያልቅ ስለሚችል፣ መያዣው የሚለቀቅበትን ቀን በውሉ ላይ ከነሐሴ በኋላ ማድረግ ይገባል፤ የአሮጌው ጣሪያና የአዲሱ ጣሪያ የተገናኙበት ቦታ ማፍሰስ አለማፍሰሱ የሚታወቀው የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሲወርድበት ነውና።