ዲዲአር 3 ወይስ ዲዲአር 4፦ ከአሮጌ ዕቃ ለሚገጣጠም ኮምፒውተር

ከአሮጌ ዕቃዎች ኮምፒውተር ለሚገጣጥም ሰው የራሙን (ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበትን ክፍል) ዓይነት የሚወስነው በእጁ ያለው ማዘርቦርድ፣ ማለትም ክፍሎቹ ሁሉ የሚገጠሙበት ዋና ሰሌዳ ነው። ከራም ዓይነቶች ዲዲአር 3 ባለ 240፣ ዲዲአር 4 ደግሞ ባለ 288 የመገናኛ ነጥብ ሲሆን፣ በታችኛው ጠርዝ ያለው ክፍተትም በተለያየ ቦታ ስለሚገኝ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም፤ በግድ መጫን ማስገቢያውን መስበር ነው።

ከ2ኛው እስከ 4ኛው ትውልድ ያሉት የኢንቴል ኮር የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች (የኮምፒውተሩ ዋና አስሊ ክፍሎች) የሚሠሩት በዲዲአር 3 ነው። አሳሳቹ 6ኛው ትውልድ ነው፤ እንደ ማዘርቦርዱ አሠራር ዲዲአር 4ን ወይም በ1.35 ቮልት የሚሠራውን ዲዲአር 3ኤልን ስለሚቀበል፣ የፕሮሰሰሩን ስም ብቻ አይቶ ራም መግዛት ለኪሳራ ይዳርጋል። ያገለገለ ዲዲአር 3 ብዙውን ጊዜ ርካሽ ቢሆንም፣ እጅግ የረከሰው ለሰርቨር የተሠራ ሬጅስተርድ ራም ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ በተራ ዴስክቶፕ ላይ አይሠራም።

ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ራሞች አብረው ከሠሩ የሚሠሩት በዝግተኛው ፍጥነት ነው።

የዲዲአር 3 ማዘርቦርድ ላለው ሰው በዚያው መቀጠሉ ተገቢ ነው፤ ገና ለሚገዛ ግን በ1.2 ቮልት የሚሠራውንና በአንድ ቁራጭ 16 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሚገኘውን ዲዲአር 4 እመርጣለሁ።