ማስክ አድርጌም አንኮራፋ ነበር፦ ከሲፓፕ ጋር 11 ወር

ባለፈው ታኅሣሥ ሲፓፕ (ሲተኙ በማስክ በኩል አየር በግፊት የሚነፋ መሣሪያ) ቤቴ ሲገባ ሁለት ነገር ጠብቄ ነበር። አንደኛው፣ ቀን ቀን የሚጥለኝ እንቅልፍ እንዲለቀኝ። ሁለተኛው፣ ባለቤቴ ሳሎን መተኛቷን ትታ ወደ አልጋዋ እንድትመለስ። የመጀመሪያው በ10 ቀን ውስጥ ሆነልኝ። ሁለተኛው አምስት ወር ፈጀ። የምጽፈው ስለዚህኛው ነው። ማስክ አድርገው ማንኮራፋታቸው ስላልቆመ ብቻ “አልሠራልኝም” ብለው መሣሪያውን ቁም ሳጥን ውስጥ የከተቱ ሰዎች አውቃለሁ። ያሳዝነኛል።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤት ውስጥ በተደረገልኝ የእንቅልፍ ምርመራ ትንፋሼ በሰዓት 34 ጊዜ ይቋረጣል ወይም ያንሳል። ከ5 በታች ደህና ነው፤ 30 እና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። የተሰጠኝ መሣሪያ ግፊቱን ራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ዓይነት ነው፤ ከ4 እስከ 20 ሴንቲሜትር ውሃ ድረስ (የአየር ግፊቱ የሚለካበት ነው)። የአምራቹን ስም ትቼዋለሁ። የገጠመኝ ነገር በማንኛውም ብራንድ ሊገጥም ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል። ምላስ ወደ ኋላ ይወርዳል፤ ላንቃና እንጥል ይረግባሉ። አየሩ በጠበበው መንገድ ሲያልፍ ሥጋው ይርገበገባል። ማንኮራፋት ይህ ነው። መንገዱ ጭራሽ ሲዘጋ ደግሞ ድምፁ ይጠፋል፤ አፕኒያ የሚባለው የትንፋሽ መቋረጥ ያ ዝምታ ነው። ሲፓፕ በአየር ግፊት መንገዱን ከፍቶ ይይዛል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ በ1981 እ.ኤ.አ. በ5 ሕሙማን ላይ ያሳዩት ይህንኑ ነበር። እንግዲህ መሣሪያው እየሠራ ማንኮራፋት ከቀጠለ፣ ብዙውን ጊዜ ወይ ግፊቱ አልበቃም፣ ወይ አየሩ በሆነ በኩል እያመለጠ ነው። የኔ ሁለቱም ነበር።

መጀመሪያ ያዘናጋኝ ስልኬ ላይ ያለው አፕ ነው። በየጠዋቱ ከመቶ 90፣ 92 ይሰጠኛል። በሰዓት የሚቋረጠው ትንፋሽም ወደ 3 ወርዶ ነበር። ደስ ብሎኝ ለባለቤቴ ሳሳያት፣ “ይሁን፤ ግን ሌሊቱን ስታንኮራፋ ነው ያደርከው” አለችኝ። በኋላ እንደገባኝ ከነጥቡ አብዛኛው የሚመጣው ስንት ሰዓት እንደተጠቀምኩ ከመቁጠር ነው። ኢንሹራንሱም ለመሣሪያው ለመክፈል የሚፈልገው ሰዓት ነው። የሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ደንብ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ፣ በተከታታይ 30 ቀናት፣ ከሌሊቶቹ 70 በመቶውን ቢያንስ 4 ሰዓት መጠቀምን ይጠይቃል፤ ብዙ የግል ኢንሹራንሶችም ይህንኑ ይከተላሉ። ሁሉም ሰዓት ይቆጥራል። ማንኮራፋቴን የምትሰማው እሷ ብቻ ነበረች።

ስለዚህ እንድትጽፍልኝ ለመንኳት። ለሁለት ሳምንት እኔ ጋ ተኝታ፣ በነቃች ቁጥር ሰዓቱንና አተኛኘቴን ደብተር ላይ አሰፈረች። “ከምሽቱ 4፡40፣ በጀርባው። 5፡05፣ በጀርባው፣ አፉ ተከፍቷል። ከሌሊቱ 9፡20፣ በጀርባው።” በ14ቱም ሌሊቶች አንኮራፍቻለሁ። በጎኔ ሳለሁ የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው። እንቅልፏን ሰውታ የጻፈችው ያ ደብተር ከየትኛውም አፕ በላይ ጠቅሞኛል።

ከዚያ የመሣሪያውን ሚሞሪ ካርድ አውጥቼ ኦስካር በሚባል ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከፈትኩት። ግፊቱን፣ የሚያመልጠውን አየርና ማንኮራፋቱን በየደቂቃው በግራፍ ያሳያል። ከደብተሩ ጋር ሳስተያየው ገጠመ።

የምሽቱ ማንኮራፋት ምክንያት ወዲያው ታየ። መሣሪያው ከ4 ተነሥቶ በ45 ደቂቃ ውስጥ ቀስ እያለ እንዲጨምር ነበር የተስተካከለው። ይህ እንቅልፍ ቶሎ ለማይወስደው ሰው ጥሩ ነው። እኔን ግን ገና ትራስ ስነካ ነው የሚወስደኝ። ስለዚህ ያን ሁሉ ጊዜ ተኝቼ ያለሁት በማይበቃ ግፊት ነው። ሌሊት ላይ የሚያስፈልገኝ 10 አካባቢ ነበር። ሐኪሜ ግራፉን አይታ ዝቅተኛውን ግፊት ከ4 ወደ 7 አደረገችው፤ ቀስ ብሎ መጨመሩንም አጠፋችው። በዚያው ሳምንት ከምሽት የሚጻፈው መስመር ቀረ። አደራ፣ ይህን በራሳችሁ አትነካኩ። ግፊት ሲበዛ አንዳንድ ሰው ላይ ከአንጎል የሚመጣ ሌላ ዓይነት የትንፋሽ መቋረጥ ያመጣል።

የሌሊቱ 9 ሰዓት ግን ቀላል አልነበረም። ያኔ የማደርገው አፍንጫን ብቻ የሚሸፍን ማስክ ነው። አፌ ሲከፈት አየሩ በአፌ ይወጣል፣ ጉሮሮዬ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፣ ማንኮራፋቱ ይመለሳል። ግራፉ ላይ በደቂቃ እስከ 40 ሊትር ሲያመልጥ አየሁ። ጠዋት አፌ እንደ እንጨት የሚደርቀውም ለዚህ ነበር። የአገጭ ማሰሪያ ገዛሁ። ጥቂት ቀን የረዳኝ መሰለ። ፀደይ መጥቶ የአበባ ብናኙ አፍንጫዬን ሲደፍነው ግን ታፍኜ ነቃሁ። አፍንጫው የተዘጋ ሰው አፉን ማሰር የለበትም። አፍን በፕላስተር ስለማሸግ ለምትጠይቁኝም መልሴ ያው ነው፤ ሐኪም ሳያማክሩ አይሞከርም።

ቀጥሎ አፍንጫና አፍን አብሮ የሚሸፍን ማስክ ታዘዘልኝ። ዕቃውን የሚያቀርበው ድርጅት ፊቴን ሳይለካ ሚዲየም ላከ። አየሩ በዓይኔ ሥር ያፏጫል። ማሰሪያውን ባጠበቅሁት ቁጥር ባሰ። ጉንጬ ላይ ሰንበር ወጣ። ሁለት ሳምንት ስልክ ደውዬ ስሞል ተቀየረልኝ፤ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ሦስት ነገር በዚያው ተማርኩ። ማስክ የሚስተካከለው ተቀምጦ አይደለም፤ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ መሣሪያው እየነፋ ነው። ስንተኛ የፊት ቅርጽ ይለወጣል። ጢሜን ማስኩ በሚያርፍበት መስመር መላጨት ነበረብኝ። ፊት ላይ የሚነካውን ጎማ ደግሞ በየጠዋቱ በለብታ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጥባለሁ፤ የፊት ቅባት ካለ ይንሸራተታል።

ለአፍንጫዬ የጨው ውሃ እጠቀማለሁ፤ ከመተኛቴ በፊት እታጠብበታለሁ። ውሃው ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት እንጂ የቧንቧ ውሃ እንዲሁ አይሆንም። ክረምት ማሞቂያው የቤቱን አየር ሲያደርቀው መሣሪያው ከውሃ መያዣው ለአየሩ የሚሰጠውን እርጥበት ከፍ አድርጌ ነበር። አንድ ሌሊት ባለቤቴ “ደግሞ ጀመረህ” ብላ ቀሰቀሰችኝ። ማንኮራፋት አልነበረም። እርጥበቱ በቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ ውሃ ሆኖ እየተንቦጫረቀ ነው። የሚሞቅ ቱቦ ስቀይር ቀረ።

በጀርባዬ እንዳልተኛ ረጅም ትራስ ከኋላዬ አደርጋለሁ። ሠርግ ላይ ሁለት ብርሌ ጠጅ የጠጣሁ ሌሊት ግን ትራሱም አልያዘኝም፤ ግፊቱ እስከ 13 ወጣ። አልኮል ጉሮሮን የባሰ ያላላል። አሁን ማታ አልጠጣም።

ግንቦት ላይ ደብተሩን እንደገና ለሁለት ሳምንት ጻፈች። ከ14 ሌሊት 2 ብቻ። ሁለቱም ጉንፋን የያዘኝ ቀን ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሳሎን አልተኛችም። ለኔ ከሁሉም ቁጥር የሚበልጠው ይህ ነው።

እስካሁን ከ2,000 ሰዓት በላይ ተጠቅሜበታለሁ። መሣሪያው ራሱ ድምፁ አይሰማም ማለት ይቻላል። የሚያደክመው እንክብካቤው ነው፤ ውሃ መቀየር፣ ማጠብ፣ ማጣሪያውን በየጊዜው መለወጥ። ማስኩ ፊቴ ላይ የሚተወውን ምልክት አልወደውም፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል። በዚህ ሁሉ ግን አንድ ሌሊትም ያለሱ መተኛት አልፈልግም።

ለእንቁጣጣሽ አዲስ አበባ ስሄድም ይዤው ሄድኩ። ከአሜሪካ የሚነሣ በረራ ላይ ከእጅ ሻንጣ ጋር አይቆጠርም፤ በሚጫነው ሻንጣ ባትልኩት ይሻላል። የኃይል ማስተላለፊያው ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የሶኬት መቀየሪያ ብቻ በቂ ነው። ዲስቲልድ ውሃ ሳጣ በታሸገ ውሃ ተጠቀምኩ፤ በየጠዋቱ እየደፋሁ።

በአምስተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። አፍንጫና አፍን የሚሸፍነው ማስክ መሣሪያው ሲቆም የውጭ አየር የሚያስገባ ክፍተት ስላለው አያፍንም፤ ግን ነቃሁ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ታናሽ ወንድሜ ጎኔ ባለው አልጋ ያንኮራፋል። ድምፁ ልክ የአባታችን ነው። አባታችን ቁጭ ባለበት ሲያንቀላፋ “ደክሞት ነው” እንል ነበር። ማንም ሌላ ነገር አልጠረጠረም።

ከዚያ ድምፁ ቆመ። ቆጠርኩ። 10 ሴኮንድ ካለፈ አፕኒያ ይባላል። እስከ 22 ደረስኩ። ወንድሜ እንደ ሰጠመ ሰው አየር ስቦ ተንፈራገጠ፤ እንደገና ማንኮራፋት ጀመረ። ስልኬን አውጥቼ መቅዳት ጀመርኩ። መብራት ሲመለስም መሣሪያውን አልከፈትኩም።

ጠዋት ቡና ላይ አሰማሁት። ዝም ብሎ አዳመጠ። ዝምታው ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ፤ “ጋሼ፣ ይሄ እኔ ነኝ?” አለኝ። ሳልመለስ አብረን ሄደን የሐኪም ቀጠሮ አስያዝን፤ ቅጂውንም እንዲያሰማቸው ስልኩ ላይ ላክሁለት።