ኢኤስፒ-32 ቦርድ ደሴ ላይ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ኢኤስፒ-32 በኮድ የምናዘው፣ ሴንሰር እያነበበ ዕቃ የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ (ቦርድ) ነው። ቤት ውስጥ ሥራ ላይ ካዋልኩት ወራት አልፈዋል። የደሴን ክረምት ከነጉሙና ከነብርዱ አሳልፏል። እየሄደ የሚመጣውንም መብራት ችሎታል። ስለዚህ አሁን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፦ ቤቱ ቁጭ ብሎ ኤሌክትሮኒክስ ለሚነካካ ሰው ከዚህ የተሻለ ዕቃ አላውቅም።

ቺፑን ያወጣው የሻንጋዩ ኩባንያ ኤስፕሬሲፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016። ዋይፋይና ብሉቱዝ አብሮት አለ። ፍጥነቱ እስከ 240 ሜጋኸርዝ፣ የሥራ ሜሞሪው (ራም) 520 ኪሎባይት ነው። ብዙዎቻችን የጀመርንበት የጀማሪዎች ቦርድ፣ አርዱዪኖ ኡኖ፣ 16 ሜጋኸርዝና 2 ኪሎባይት ብቻ ነው ያለው። ኮዱን ግን በዚያው በለመድነው የአርዱዪኖ ሶፍትዌር መጻፍ ይቻላል።

እኔ የሰጠሁት ሥራ ሮቶ መጠበቅ ነው። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። ቦርዱ ከታች በርሜል ወደ ላይኛው ሮቶ የሚገፋውን ፓምፕ ያስነሳል፣ ሲሞላ ያጠፋል። እናቴ በእኩለ ሌሊት ባትሪ ይዛ መሰላል መውጣት ቀርቶላታል። ቦርዱ ሌላ ምንም ባይሠራልኝ ይህ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

የውሃውን ከፍታ የሚለካው ውሃ የማያስገባው ባለ ድምፅ ሞገድ ሴንሰር ነው። ተራው ዓይነት ሮቶ ውስጥ ባለው እንፋሎት ቶሎ ይበላሻል። ይኼኛውም አንድ ጠባይ አለው፤ ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር በታች ያለውን ርቀት በትክክል አያይም። ሮቶው ሊሞላ ሲል መቀባጠር ይጀምራል። መፍትሔው ክዳኑ ላይ አጭር ቱቦ አቁሞ ሴንሰሩን ከፍ ማድረግ ነው።

ወደ መብራቱ ልምጣ። የኛ መብራት ሲጠፋ ብዙም አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ሲመጣ ነው። ብልጭ ድርግም እያለ ይመጣል። ቦርዱ ደግሞ ዋይፋይ ሲልክ ለቅጽበት ብዙ መቶ ሚሊአምፔር ይስባል። ቻርጀሩ ደካማ ከሆነ ቮልቴጁ ይወርድና ቦርዱ እየጠፋ እየተነሳ ይውላል። ኮምፒውተሩ ላይ «ብራውን አውት» (ቮልቴጅ ወረደ) የሚል መልእክት ካያችሁ ኮዱን አትንኩት፤ ቻርጀሩንና ገመዱን ቀይሩ። አምስት ቮልቱና ግራውንዱ (ኔጌቲቩ) ላይ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ማለትም ለቅጽበት ኃይል የሚያጠራቅም ዕቃ፣ ጨምሩበት። ፒያሳ ያሉ የቴሌቪዥን ጠጋኞች ከተጣለ ሰሌዳ ነቅለው ይሰጧችኋል። ይህ ከተስተካከለ መብራት በተመለሰ በሰከንድ ውስጥ ሥራውን ይቀጥላል። ከሜሞሪ ካርድ የሚነሳው ትንሹ ኮምፒውተር ራስበሪ ፓይ ቢሆን ድንገት በጠፋ ቁጥር ለካርዱ ያሰጋል።

ሰዓቱ ግን ይጠፋበታል። መብራትም ኢንተርኔትም አብረው ከሄዱ ቦርዱ ሲነሳ ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቅም። ዲኤስ3231 የምትባለው ባለ ባትሪ የሰዓት ሞጁል የግድ ናት።

ሌላ ቦርድ ጫጩት ማስፈልፈያ ሣጥን ላይ አለ። አየር የሚያዘዋውር ፋን ያለው ሣጥን 37.5 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል፤ ያውም ለ21 ቀን። ሙቀት መለኪያውን በፈላ ውሃ ልትፈትሹ ስትሉ 92 አካባቢ ካሳያችሁ አትደንግጡ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው እዚያው ላይ ነው። ኮምቦልቻ ብትወርዱ ወደ 94 ይጠጋል። በሚቀልጥ በረዶ ብትፈትሹት ይሻላል፤ ዜሮ የትም ዜሮ ነው።

ከሮቶው ቦርድ ጋር ያገናኘኋት ትንሽ ስክሪን 128 በ64 ነጥብ ናት፤ አብረው የሚመጡት ፎንቶች ፊደላችንን አያውቁም። እኔ ደግሞ እናቴ የምታነበው ነገር እንዲሆን ፈለግሁ። «ሮቶ ሞልቷል» ለማለት አምስት ፊደል ይበቃል፤ ነጥብ በነጥብ ሣልኳቸው። ያስቸገረችኝ ቷ ናት። እግሯ ላይ ያለችው ጭረት ካልተለየች ታ ትመስላለች። ሁለት ነጥብ ወፈር ሳደርጋት ከበሩ ላይ ሆኖ ይነበባል።

ጉድለቱንም ልናገር። ፒኖቹ (ገመድ የሚገናኝባቸው እግሮቹ) 3.3 ቮልት ብቻ ናቸው፤ አምስት ቮልት የሚመልስ ሴንሰር ቮልቴጁን በሁለት ሬዚስተር ሳታወርዱ አታገናኙ። ዋይፋይ በርቶ ሳለ ኤዲሲ 2 በሚባለው የቮልቴጅ መለኪያ ክፍል ላይ ያሉት ፒኖች አናሎግ (ከፍ ዝቅ የሚል ቮልቴጅ) አያነቡም፤ ከ32 እስከ 39 ያሉትን ተጠቀሙ። የኔው ቦርድ ማይክሮ ዩኤስቢ ሶኬትም ከብዙ መንቀልና መሰካት በኋላ ላልቷል። ፓምፑን ደግሞ በትንሿ ሪሌ (ቦርዱ በሚያዛት ማብሪያ ማጥፊያ) በቀጥታ አታስነሱ። ሞተር ሲነሳ የሚስበው ኃይል ከንፈሯን (የሚገናኙትን ብረቶቿን) ያጣብቀዋል፣ ፓምፑም አልጠፋ ይላል። ሪሌዋ ኮንታክተር (ለሞተር የሚሆን ትልቅ ሪሌ) ታዝዝ፤ ፓምፑን ኮንታክተሩ ይያዝ። የ220 ቮልቱን በኩል ኤሌክትሪሺያን ይሥራላችሁ።

ስታዙ ዩኤስቢ ሲ ያለውን ምረጡ። ሁለት አድርጉት፤ ደሴ ላይ መለዋወጫው በቀላሉ አይገኝም፣ አንዱ ሥራ ላይ ሳለ በሌላው ኮድ ትሞክራላችሁ።