የመስታወት በራድ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ክረምት ላይ መርካቶ የገዛሁት የመስታወት በራድ ፋሲካን አልፎ አሁንም ሥራ ላይ ነው። ጠዋትና ማታ ይጣዳል፤ ስንጥቅ የለውም፣ ገላውም አልደበዘዘም። ወድጄዋለሁ። ካርቶኑ ላይ «ቦሮሲሊኬት» ተብሎ ተጽፏል፣ ሙቀት የሚችል የመስታወት ዓይነት ነው፤ ሻጩ ግን ያወራልኝ «አይሰበርም» እያለ ነው። ይኼ ለማንም የሚነገር ማሻሻጫ ስለሆነ፣ ዋጋው ከብረቱ በራድ በብዙ የሚበልጥ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የትኛውን መስታወት እንደያዛችሁ ማወቅ ይሻላል።

የድስት ክዳን፣ የሻወር በርና የመኪና የጎን መስኮት ባብዛኛው ቴምፐርድ፣ ማለትም በሙቀት የተጠናከረ መስታወት ናቸው። ተራው መስታወት ከ600 ዲግሪ በላይ ይሞቅና በኃይለኛ አየር ድንገት ይቀዘቅዛል። ላዩ ቀድሞ ይጠጥራል፤ ውስጡ ዘግይቶ ሲኮማተር ላዩን ይጨምቀዋል። ስንጥቅ እንዲጀምር መጀመሪያ ይህን ጭመቃ ማሸነፍ ስላለበት ጥንካሬው ከተራው አራትና አምስት እጥፍ ይደርሳል። ሲሰበር ደግሞ ሁሉም በአንዴ ይረግፋል፣ ልክ እንደ ጨው ጠጠር። የስልክ ስክሪን መንገዱ ሌላ ነው፤ በጋለ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ይነከርና ከገጹ ትንሹ ሶዲየም ወጥቶ ትልቁ ፖታሲየም በቦታው ይጠቀጠቃል።

በራዴ ከነዚህ ወገን አይደለም። መስታወት ሙቀትን ቶሎ አያስተላልፍም፤ አንዱ ጎን ሞቆ ሲለጠጥ ሌላው ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ በመሃል ይሰነጠቃል። አንድ ሜትር ተራ መስታወት ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ቢጨምር 0.9 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ቦሮሲሊኬት ግን 0.33 ያህል ብቻ ነው። ምክንያቱ ቅንብሩ ነው፦ 80 በመቶ ገደማ ሲሊካ፣ 13 በመቶ ገደማ ቦሮን ኦክሳይድ። ጀርመናዊው ኦቶ ሾት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲሠራው የታሰበው ለቤተ ሙከራ ዕቃ ነበር፤ የአሜሪካው ኮርኒንግ እ.ኤ.አ. በ1915 ፓይሬክስ ብሎ ወደ ማድቤት አስገባው። እንግዲህ ይህ መስታወት ሙቀት ይችላል እንጂ መውደቅ አይችልም። እህቴ ቤት የነበረው ተመሳሳይ በራድ ከእቃ ማጠቢያው ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ አለቀለት፤ ስባሪው ትልልቅና ስለታም ነበር።

ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ያለው ሰው ልዩነቱን በዓይኑ ማየት ይችላል። የኮምፒውተሩን ስክሪን ነጭ አድርጉና መነጽሩን ስክሪኑ እስኪጨልም አዙሩት፤ ከዚያ ዕቃውን በመሃል ያዙት። የድስቴ ክዳን ቀለም በቀለም ሆኖ ዥንጉርጉር አለ፤ የሚታየው በውስጡ የታመቀው ውጥረት ነው። በራዱ ላይ ግን እምብዛም ነገር የለም። ሻጭ ፊት ባታደርጉት ይሻላል፣ ይስቅባችኋል።

ወደ አገልግሎቱ ስመጣ፣ ምድጃዬ ጥምዝምዝ ሽቦ ያለው የኤሌክትሪክ ነው፤ ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ እንዳያርፍ ከሥሩ የሽቦ ወንፊት አደርጋለሁ። ውሃ እስካለበት ድረስ በራዱ ብዙ አይጨነቅም፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፈተናው ውሃው ሲያልቅ ነው። መብራት ሲሄድ ምድጃው ሳይጠፋ ከተረሳና መብራቱ ማንም ሳያይ ከተመለሰ፣ ባዶው በራድ ይግላል፤ በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚጨምርበት ሰው ቦሮሲሊኬትንም ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ መብራት በሄደ ቁጥር ከምድጃው ላይ ማንሳት ነው።

ኢንዳክሽን ምድጃ ያላችሁ ይህን በራድ እርሱት፤ ኢንዳክሽን የሚያሞቀው ማግኔት የሚይዘውን ብረት ብቻ ነው። በጨረር የሚያሞቀው ኢንፍራሬድ ምድጃ ላይ ግን ይሠራል። በነገራችን ላይ የነዚህ ምድጃዎች ጥቁር ገጽ ግላስ ሴራሚክ የሚባል ሌላ ዓይነት ነው፤ በሙቀት መለጠጡ ወደ ዜሮ የተጠጋ ስለሆነ ግሎ ሳለ ውሃ ቢፈስበት ይችላል። ከባድ ድስት ከወደቀበት ግን ተስፋ የለውም።

በጣም የወደድኩት ሽታ አለመያዙን ነው። ማታ ዝንጅብልና ጤና አዳም የፈላበት በራድ ጠዋት በቀረፋና በቅርንፉድ ሲፈላ የትናንቱ ትዝ አይለውም፤ የድሮው አሉሚኒየም በራዳችን ይህን አያውቅም። ሻዩ ሲጠቁርም ከውጭ ስለሚታይ ክዳን እየከፈቱ መመልከት ቀርቷል። የማልወደው አፉን ነው፤ ቀስ ብላችሁ ስትቀዱ በአንገቱ ወርዶ ጠረጴዛውን ያረጥባል። የእጀታው ብረት ቀበቶም በሙቀት ብሎኑ ይላላል፤ ጠበቅ እያደረጉ መያዝ ነው። የጉድጓድ ውሃ በሚመጣበት ሰሞን ሥሩ ላይ ነጭ ደለል ይጋገራል፤ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ አፍልቶ ማሳደር ያስለቅቀዋል። በሽቦ መፈግፈግ ግን አይሞከርም፣ ጭረቱ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል።

ከሰል ላይ ለምታፈሉና ትንንሽ ልጆች ማድቤት ለሚሯሯጡባችሁ የብረቱን እመክራለሁ። መስታወቱን የምትገዙ ደግሞ አፉ ከገላው የተጣበቀበትን ቦታ ብርሃን ላይ አዙራችሁ እዩ፤ አረፋ ወይም ጭረት ካለው ሌላ አስወጡ። ክዳን ለብቻው ይሸጥ እንደሆነም ጠይቁ፤ ለእኔው እስካሁን አላገኘሁም።