ኮቦልን ከሲ ጋር ያገናኛል የተባለ ሞጁል ሳትፈትኑ እንዳትገዙ

ይሄን የምጽፈው እኛ እንደተበላነው ሌላ ሰው እንዳይበላ ብዬ ነው።

ኮቦልና ሲ ሁለት የፕሮግራም ቋንቋዎች ናቸው። የኮቦል ፕሮግራማችንን በሲ ከተጻፈ የህትመት ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ጋር የሚያገናኝ ሞጁል ገዛን። ሻጩ ዴሞ ሲያሳየን ሁሉም ነገር እንከን አልነበረውም። ከፈልን። ሁለት ወር ሳይሞላ የአንድ ደንበኛ ፖስታ ላይ ከስሙ ጋር ተጣብቆ የሂሳብ ቁጥሩ ታትሞ ወጣ። የሂሳብ ቁጥር! ፖስታ ላይ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮቦል ውስጥ የስም ፊልድ፣ ማለትም ለስሙ የተመደበው ቦታ፣ 30 ባይት ነው ካላችሁ 30 ነው፤ ስሙ ካጠረ የቀረው በባዶ ቦታ ይሞላል። ሲ ግን ርዝመቱን አያይም፣ ዋጋው 0 የሆነ ባይት፣ ነል የሚሉትን፣ እስኪያገኝ ድረስ ዝም ብሎ ያነባል። የገዛነው ሞጁል ከስሙ ቀጥሎ ያለችውን ባዶ ቦታ በነል ይተካል። አጭር ስም ላይ ይሠራል። ስሙ ልክ 30 ሲሆን ግን ነሏ የምትገባበት ቦታ የለም፣ ስለዚህ ሲ ወደሚቀጥለው ፊልድ ዘው ይላል። ግራ ያጋባኝ አንዱ ደንበኛ ላይ ከሂሳብ ቁጥሩ በኋላ ማቆሙ፣ ሌላው ላይ ደግሞ አልፎ ሄዶ የማይነበብ ምልክት ማተሙ ነበር። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ለካ ቀጥሎ ያለው ቀሪ ሂሳብ በፓክድ ዴሲማል የተቀመጠ ነው፣ ሁለት አሃዝ በአንድ ባይት። ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው ፊልዱ በ00 ባይት፣ ማለትም በነል፣ ስለሚጀምር ሲ እዚያ ይቆማል፤ ብዙ ያለው ላይ አይቆምም።

ሌላም አለ። ሞጁሉ ነሏን የሚጽፋት እኛው ሪከርድ (የደንበኛው መረጃ የተቀመጠበት መዝገብ) ላይ ነው፣ ሳያጸዳም ይመልሰዋል። ሪከርዱ ሲቀመጥ እሷም አብራ ትቀመጣለች። በኋላ ስሙን ስትፈልጉት የለም ይላችኋል። ለዓይን ምንም ልዩነት የለውም፤ ግን ፊደላትን በቁጥር ከሚወክሉት ሁለት ኮዶች ባዶ ቦታ በአስኪ 32፣ በኢቢሲዲክ 64 ነው፣ ነል በሁለቱም 0።

ሻጩ ጋ ስንደውል "እኛ እኮ ዜድ ሊተራል እንጠቀማለን" አለን። በዚህ እንዳትታለሉ። በአይቢኤም ኮቦል ዜድ ሊተራል ነል የሚጨምረው ኮዱ ውስጥ በቀጥታ ለተጻፈ ጽሁፍ ብቻ ነው፣ ከፋይል ለሚመጣ ስም ምንም አይፈይድም። ገንዘባችንን መልሱ ስንል ውሉን አወጡ፦ የዳታ ርዝመት የገዢው ኃላፊነት ነው ይላል።

መጨረሻ ላይ ራሳችን ጻፍነው፣ ያን ያህል ኮድም አልወሰደም። 31 ባይት የሆነ ለብቻው ቦታ ታዘጋጃላችሁ፣ ስሙ 30ው ላይ ይገለበጣል፣ 31ኛው ሁልጊዜ ነል ነው። ስሙ ከሲ ሲመለስ ኢንስፔክት በሚባለው የኮቦል ትዕዛዝ ከመጀመሪያው ነል በፊት ስንት ባይት እንዳለ ቆጥራችሁ ያንን ያህል ብቻ ሙቭ አድርጉ (ወደ ፊልዱ ገልብጡ)፣ የቀረውን ኮቦል ራሱ በባዶ ቦታ ይሞላዋል። አርፒጂ በሚባለው ቋንቋ የምትጽፉ ደግሞ ፐርሰንት ኤስቲአር (%STR) የሚባል ዝግጁ ተግባር አለላችሁ፤ ስትጽፉበት ከሰጣችሁት ርዝመት አያልፍም፣ አንዷን ባይትም ለነል ያስቀራል።

የግድ መግዛት ካለባችሁ ዴሞው ላይ የራሳችሁን ዳታ ስጧቸው። ፊልዱን ጢም አድርጎ የሚሞላ ስም ይሁን፣ ከዚያ ምንም ያልተጻፈበት ባዶ ስም። "እሱ በኋላ ይታያል" ካሏችሁ እንዳትከፍሉ።